ለማን ደወለች?

ታፈረ ሚስቱ በሞተች በአርባ ሦስተኛው ቀን፣ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የጥገና ሠራተኞች መመገቢያ አዳራሽ ተቀምጦ ምሳውን እየበላ ሳለ ፎቶዋን ስክሪን ላይ አየ። ፎቶውን ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም።

ሐይቅ ዳር የተነሳችው ነው። ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣለች፣ ልብሷ ርሷል፣ አፏን ከፍታ ትስቃለች። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ ምዕራፍ እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም። የእሱ ሚስት ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር።

ጦርነቱ አሥራ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ሸንጎው በየቀኑ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ይተላለፋል። ትክክለኛ ስሙ ብሔራዊ የሙግት ሰዓት ነው፤ ሰዉ ግን የምሳ ሸንጎ ይለዋል። በየወሩ መጨረሻ ሕዝቡ ጦርነቱ ይቀጥል ወይስ ይብቃ ብሎ በስልኩ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ በፊት ሁለቱ ወገኖች ይሟገታሉ። በሙግቱ ላይ ቁጥር መጥራት ክልክል ነው። ስንት ሰው አለቀ፣ ስንት ከተማ ፈረሰ አይባልም፤ ቁጥር ተመልካችን ያደነዝዛል ተብሎ ከተከለከለ ቆይቷል። እያንዳንዱ ወገን በወር የሚያቀርበው አንድ ሟች ብቻ ነው። ሟቹ ማስረጃ ይባላል፤ ስለ ሟቹ የሚናገረው ደግሞ አቅራቢ። በስክሪኑ ግርጌ አንዲት ሰማያዊ መስመር አለች። በመላ ሀገሪቱ የተመልካቹ ዓይን እንባ ባቀረረ ቁጥር ከፍ ትላለች። በመመገቢያ አዳራሹ ሶፍት የሚታደለው ከማንኪያ ጋር ነው።

የዚያን ቀን ተራው የ‹ይብቃ› ወገን ነበር። አቅራቢው ጢሙን በሥርዓት የተከረከመ፣ ድምፁ የሚጥም ሰው ነው። ስሙ ከደረቱ በታች ተጽፏል፦ ናሁሠናይ ውብሸት።

«እወዳት ነበር» አለ። «ትዳር ይዛም፣ ሞታም፣ እወዳታለሁ። መዋኘት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ጀርባዬን በአንድ እጇ ደግፋ ‹ውሃ የሚያሰምጠው የሚታገለውን ነው› ትለኝ ነበር። የሞተችውም በረሃ ወርዳ፣ ሰው የሚጠጣውን የጉድጓድ ውሃ ስትመረምር ነው። ድሮኑ የእኛ ይሁን የማዶዎቹ ዛሬም አልታወቀም። የማንም ይሁን። ይብቃ።»

ሰማያዊዋ መስመር ተነሳች። አዳራሹ ውስጥ ማኘክ ቆመ። ሶፍት ሲመዘዝ ተሰማ።

አጠገቡ የተቀመጠው ቶፊቅ መጀመሪያ ስክሪኑን፣ ቀጥሎ ታፈረን አየ። «አቦ ታፈረ፣ ይቺ የእኛዋ ምዕራፍ አይደለችም እንዴ?»

«ናት።»

«ሰውዬውስ ማነው?»

ታፈረ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። እሱ የባቡር ጎማ መርማሪ ነው፤ በመዶሻ የብረት ጎማዎቹን እየመታ ድምፃቸውን ያዳምጣል። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል። ከሰዓት በኋላ አንዱንም በትክክል መስማት አልቻለም። ጦርነቱን ረስቶታል፤ ሞቷንም እንኳ ለጊዜው ረስቶታል። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚመላለስበት። መዋኘት ትችል ነበር?

ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ሳቢያን ሰፈር፣ ወደ ታላቅ እህቷ ወደ ብርቄ ቤት ሄደ። ብርቄ የወታደር ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር፤ ሰፈሩ ውስጥ ያሉ ሴቶች ሁሉ በሳምንት ሁለት ቀን የሚደርሳቸው ሥራ ነው።

«እትዬ ብርቄ፣ ናሁሠናይ የሚባለው ማነው?»

ካውያውን አላቆመችም። «አየኸው?»

«ሀገር አየው።»

«አንተን ከማግባቷ በፊት ነው ወንድሜ። ያለፈ ነገር ነው።»

«ስንት ዓመት አብረው ቆዩ?»

«አራት።»

«ለምን ተለያዩ?»

«ጠይቄያት ነበር። ‹ወሬው ያምራል› አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።»

ታፈረ ይህ ምስጋና ይሁን ነቀፋ ሊለየው አልቻለም። ቆይቶ ሌላውን ጠየቀ። «መዋኘት ትችል ነበር?»

«እንደ ዓሣ።»

«ለእኔ ነግራኝ አታውቅም።»

ብርቄ ሸሚዙን አጠፈችና ክምሩ ላይ አኖረችው። «ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

በቀጣዮቹ ቀናት ከተማው ከናሁሠናይ ጋር ፍቅር ያዘው። ፎቶዋ ባጃጆች መስተዋት ላይ ተለጠፈ፤ ያው አፏን ከፍታ የምትስቅበት። ከታፈረ ሰፈር ሴቶች ተሰባስበው ሰውዬውን ሊያፅናኑ አዳማ ድረስ ሄዱ። ከእነሱ መካከል ሁለቱ በምዕራፍ ቀብር ላይ ከታፈረ ጎን የቆሙ ነበሩ። ሲመለሱ ደረጃው ላይ አግኝቷቸው ሰላም አላቸው። «እንዴት ያለ ሰው ነው!» አለች አንደኛዋ፣ ለማን እንደምትናገር ረስታ። «ቤቱን ብታየው፣ ዙሪያውን የእሷ ነገር ነው።» የታፈረ ቤት ውስጥ የእሷ ነገር የሚባለው በር ሥር ያለ ጫማና የተደረደሩ ባዶ የውሃ ጠርሙሶች ናቸው።

ቅዳሜ ፀጉር አስተካካይ ቤት ገባ። አስተካካዩ ምላጩን አንገቱ ላይ እንዳሳረፈ ስለ ሸንጎው አነሳ። «ያ ሰውዬ አንጀቴን በላው። እንዲህ የወደዳትን ጥላ ማንን አገባች አሉ?»

«የባቡር ሠራተኛ» አለ ታፈረ።

«እንዲያው ሴቶች!» አለ አስተካካዩና ምላጩን ጠረገ።

ሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለለት። ሄራን እባላለሁ አለች፣ የ‹ይቀጥል› ወገን አዘጋጅ። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ መጀመሪያ እርስዎ፣ ቀጥላ ጋሽ ታፈረ አለችው። አንድን ሟች ሁለት ወገን ይገባኛል ካለ ቅድሚያ የሚሰጠው ለቅርብ ሐዘንተኛ ነው። የትዳር ጓደኛ ከቀረበ የሌላው ቃል ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ፎቶውም ይነሳል።

«ይነሳል?» አለ ታፈረ። «ከባጃጆቹም?»

«ከሁሉም ቦታ።»

ከዚራ ሰፈር ባለው ስቱዲዮ በማግስቱ ጠዋት ተገኘ። ሄራን ወጣት ናት፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ጭኗ ላይ ትንሽ ስክሪን ይዛለች። ሌላ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ሰዎች እየሰሙት ነው፤ የእነሱ እንባ በስክሪኗ ላይ ይታያል።

«ስለ እሷ የሚያስታውሱትን ይንገሩኝ፤ የመጣልዎትን።»

ታፈረ አሰበ። «ከመስክ ስትመለስ ጠርሙሶቹን ጠረጴዛ ላይ ትደረድርና ‹ቅመስ› ትለኝ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ የየትኛው ጉድጓድ ውሃ እንደሆነ እገምታለሁ። አንዳንዴ አገኘዋለሁ።»

ሄራን ወደ ጭኗ አየች። «ሌላስ?»

«እግሯ ይቀዘቅዛል። በድሬ ሙቀት እንኳ።»

«ሌላስ?»

«ጥርስ ስትቦርሽ መናገር ትወዳለች። አይሰማኝም እላታለሁ። ትቀጥላለች።»

ሄራን እንደገና ወደ ጭኗ አየች።

«ስንት ደረሰ?» አለ ታፈረ።

«አይጨነቁ ጋሼ።»

«እሱ ስንት ደርሶ ነበር?»

ትንሽ አመነታች። «ሰባ አንድ።»

«የእኔስ?»

«አሥራ ሁለት።»

አሥራ አንድ ዓመት አብሯት ኖሯል። የተኛችበትን ጎን ያውቃል፣ ስታስነጥስ ሁለት ጊዜ እንደሆነ ያውቃል። ያ ሰውዬ አራት ዓመትና አንድ ሐይቅ ብቻ ነው ያለው።

ሄራን ከጎኗ ያለውን ወረቀት አነሳች። የአደጋው ሪፖርት ነው። «እዚህ ላይ ከተመታች በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል በሕይወት ቆይታለች ይላል። ስልኳ እጇ ውስጥ ነበር።» ቀና አለች። «ለማን ልትደውል ነበር?»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ታፈረ ከሬሳው ጋር ሪፖርቱን ሲቀበል አንብቧት ነበር። ያኔ ምንም ጥያቄ አላስነሳችበትም። ሚስት ለማን ትደውላለች? ከዚያ ምሳ ሰዓት ወዲህ ግን ያቺ ስልክ እንቅልፍ ነስታዋለች። ጉድጓዱ ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም፤ ጥሪ አልወጣም። ጣቷ ወደየትኛው ስም እየሄደ እንደነበር የሚያውቅ የለም። የእሱ የመጨረሻ ወሬ ከእሷ ጋር የዚያን ቀን ጠዋት በር ላይ ያደረጉት ነው። የኩሽናው ቧንቧ ላስቲክ ተበልቷል፣ መግዛት እንዳትረሳ አለችው። እሺ አላት። ረሳ።

«ለእኔ» አለ። «ደወለችልኝ።»

ሄራን ስክሪኗን አየችና ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ምን አለች?»

«ስሜን ጠራች።»

«እንዴት ብላ?»

«ታፈርዬ ብላ።» ምዕራፍ እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም።

ሄራን ስክሪኗን ወደ እሱ አዞረችለት። ሰማያዊዋ መስመር አርባን አልፋ እየወጣች ነው። ታፈረ በሕይወቱ ስለ ተናገረው ነገር ሰው ሲያለቅስለት የመጀመሪያው ነበር። ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቀው።

«ከዚያስ?»

«ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው አለች።»

ስልሳ ሦስት።

«ስለ ማዶዎቹስ ምን አለች?» ሄራን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኛ የ‹ይቀጥል› ወገን ነን፣ ጋሽ ታፈረ። ያለዚያ ማቅረብ አልችልም።»

ምዕራፍ ስለ ማዶዎቹ ትናገር የነበረው አንድ ነገር ነው፦ ከዚያው ጉድጓድ ነው የሚጠጡት፣ ጨው የበዛበት ውሃ የእነሱንም ኩላሊት ይጎዳል። ታፈረ ይህን ያውቃል። መስመሯ ስልሳ ሦስት ላይ ቆማ ስትንቀጠቀጥ ያያል።

«‹አትተዋቸው› አለች» አለ።

ሰማንያ ስድስት።

ሐሙስ ተላለፈ። የቴሌፎን መዝገብ የጠየቀ አልነበረም፤ ሐዘንተኛን መጠራጠር በሸንጎው ደንብ ነውር ነው። የሐይቁ ፎቶ ከከተማው ተነሳ። በምትኩ ታፈረ የሰጠው የመታወቂያ ፎቶዋ ተለጠፈ፤ አፏን ገጥማ፣ ቀጥ ብላ የምታይበት። የሚያውቃት ምዕራፍ ተመልሳ መጣች። እሑድ ድምፅ ተሰጠ፤ ‹ይቀጥል› አሸነፈ። በዚያው ውሳኔ ለተጠባባቂ ጦር የሚጠሩ ወንዶች ዕድሜ እስከ አርባ አምስት ከፍ አለ። የባቡር ሠራተኞች አይነኩም። ይህ ከድምፅ መስጫው ሥር በጉልህ ተጽፎ ነበር፤ ታፈረ አንብቦታል። ሲያነብ የዚያን ሰውዬ ዕድሜ አስቦ እንደሆነ በኋላ ራሱን ብዙ ጊዜ ጠይቋል። አላሰብኩም ብሎ መማል አይችልም።

ሰኞ አዳራሹ ሲገባ ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነሱ። ቶፊቅ አቀፈው። አዳማ ሄደው የነበሩት ሴቶች ምሳ ሠርተው አመጡለት፣ ዓይኑን እያዩ አለቀሱ። ‹ድምፅህን ልስማ› የሚለው በሠርግ መጥሪያ ላይ መጻፍ ጀመረ። ‹አትተዋቸው› ደግሞ ምልምሎች ዘንድ ደረሰ፤ እዚያ ‹አንተዋቸውም!› ሆነ። ታፈረ ለሁለት ሳምንት ያህል ደስተኛ ነበር። ደስታ ብሎ ለመጥራት ያፍራል፤ ግን ሌላ ስም የለውም።

አንድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቶፊቅ ወደ ሐዲዱ መጥቶ «እንግዳ አለህ» አለው። ናሁሠናይ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ነበር። በስክሪን ከሚታየው ይልቅ አጭር ነው፤ ጫማው አቧራ ጠጥቷል።

«ልጣላህ አልመጣሁም» አለ ቀድሞ።

«ጥሩ» አለ ታፈረ። መዶሻውን አላስቀመጠም።

«ቃሌን ስላሰረዝክም አልተቀየምኩም። መብትህ ነው። እኔ እዚያ የወጣሁት ለጦርነቱ ብዬ አይደለም። ሁሉም የሚያውቃት የአንተ ሚስት ሆና ነው። ከዚያ በፊት አራት ዓመት የእኔ እንደነበረች አንድ ሰው እንኳ እንዲያውቅልኝ ፈልጌ ነው።» ተነፈሰ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ።»

«ጠይቅ።»

«ድምፅዋ እንዴት ነበር? ፈርታ ነበር?»

ታፈረ ሰውዬውን አየው። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ይህን ጥያቄ ይዞ ከአዳማ ድረስ ተሳፍሮ መጥቷል።

«አልፈራችም።»

«አመማት?»

«አላለችኝም።»

«ስሜን… መቼስ አላነሳችም።»

«አላነሳችም» አለ ታፈረ። ይህቺኛዋ እውነት ስለሆነች ይሆን ወይስ በሌላ ምክንያት፣ ሲናገራት ጣፈጠችው።

ናሁሠናይ ራሱን ነቀነቀ። ደጋግሞ ነቀነቀ። «በጣም ነው የምቀናብህ» አለ፤ እንደ ቁም ነገር፣ ያለ ምሬት። «አሥራ አንድ ዓመት ቀንቼብሃለሁ፤ አሁን ግን በዛ። የመጨረሻዋን አንተ ሰማሃት።» ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና አሳየው። የጥሪ ወረቀት ነው። «ማክሰኞ በእናንተው ባቡር ነው ወደ ግንባር የምንወርደው። እዚያ ከመድረሴ በፊት ልወቅ ብዬ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ዕድሜህ ስንት ነው?» አለ ታፈረ።

«አርባ ሦስት።»

እስከ ማክሰኞ አምስት ቀን ነበር። ታፈረ ሊጠይቀው የመጣውን ሰው ሁሉ እየመለሰ ቤቱ ተቀመጠ። ቅናቱ ተነስቶ የሚሄድ መስሎት ነበር፤ አልሄደም። ሰውዬው ‹እቀናብሃለሁ› ማለቱ እንዲያውም ያስደስተው ነበር። ግን ከደስታው ሥር ያ የታጠፈ ወረቀት አለ። ናሁሠናይ የሚቀናበት ስልክ አልተደወለም። የሚሄድበት ጦርነት ግን አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ወታደር ጫኙ ባቡር ሐዲድ ሦስት ላይ ቆሞ ነበር፤ አሥራ ስምንት ፉርጎ። ጎማዎቹን መርምሮ የሚያሳልፈው ታፈረ ነው። ፉርጎዎቹ ጎን ላይ በነጭ ቀለም ‹አንተዋቸውም› ተብሎ ተጽፏል። ከፊት ጀምሮ እየመታ፣ እያዳመጠ ሄደ። አንዱ ጎማ እንዲያጉረመርም የዚያን ቀን ያህል ተመኝቶ አያውቅም። ሁሉም ጥርት ብለው ጮኹ። አሥራ አንደኛው ፉርጎ መስኮት ላይ ናሁሠናይን አገኘው። ፀጉሩ ተላጭቷል፣ የለበሰው ሸሚዝ ይሰፋዋል።

«ናሁሠናይ።»

ሰውዬው ጎንበስ አለ። «አንተ ነህ?»

«አልደወለችም» አለ ታፈረ።

«ምን?»

«ስልክ አልደወለችልኝም። ኔትወርክ አልነበረም። ስልኳ እጇ ላይ ነበር፤ ያ ብቻ ነው እውነቱ። ዋሽቻለሁ።»

ናሁሠናይ ፈዝዞ አየው። ታፈረ የሚመጣውን ጠበቀ። ስድብ፣ ምራቅ፣ በመስኮቱ የሚወረወር ነገር። ቢመታው ይመርጥ ነበር።

«ለማንም አልደወለችም?» አለ ናሁሠናይ በመጨረሻ።

«ለማንም።»

«ልትደውል የነበረው ለማን እንደሆነም አይታወቅም?»

«አይታወቅም።»

የናሁሠናይ ፊት ቀስ በቀስ ፈታ አለ። ግንባሩ፣ ከዚያ አፉ። ሊያለቅስ ነው ብሎ ታፈረ አሰበ፤ ሰውዬው ግን ፈገግ አለ። ሸክም እንዳወረደ ሰው ከሆዱ ተነፈሰ። ወደ ጦር ሜዳ በሚወስደው ባቡር መስኮት ላይ ሆኖ፣ ታፈረ በመስመሯ ላይ ሰማንያ ስድስት ያየ ዕለት የተሰማውን ያንኑ ሙቀት ፊቱ ላይ ይዞ ፈገግ አለ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለና እጁን በመስኮቱ ዘረጋ። «እውነቴን ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ታፈረ እጁን ጨበጠው። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። እጆቻቸው ተላቀቁ።

ፉርጎው ሃያ እርምጃ ያህል ከሄደ በኋላ ነው ታፈረ ግማሹን ብቻ እንደተናገረ የገባው። ሁለቱም ስለ ስልኩ ብቻ ነው ያወሩት። መሮጥ ጀመረ።

«እሱንም አላለችም!» ብሎ ጮኸ። «ሰማህ? አትተዋቸው አላለችም! እንዲህ አላለችም!»

የብረቱ ጩኸት ቃላቱን ቆራረጠበት። በመስኮቶቹ ያሉ ወታደሮች የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው መዶሻ እያወዛወዘ አብሯቸው ሲሮጥ አዩ። አንዱ በስክሪን አይቶት ኖሮ ለይቶ አወቀው፤ «የምዕራፍ ባል ነው!» ሲል ተሰማ። ወሬው ከመስኮት ወደ መስኮት ሄደ። እጆች ወጡ፣ ቆቦች ተወዛወዙ።

«አላለችም!» አለ ታፈረ፣ ትንፋሽ አጥሮት።

«አንተዋቸውም!» ብለው በአንድ ድምፅ መለሱለት፤ ከአሥራ ስምንቱም ፉርጎ።